ከዊተንበርግ የተላከ የሠርግ ጥሪ

ለመጋባት ወስናችሁ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ስትቀመጡ መጀመሪያ የምትጽፉት ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ራሱን በራሱ ይጽፋል፦ አዳራሽ፣ ቬሎ፣ ሱፍ፣ ኬክ፣ መኪና፣ ዲኮር፣ ቪዲዮ፣ የሚዜዎች ልብስ። ቀጥሎ “የእኛ ሠርግ ከሌላው የተለየ ይሁን” የሚል ሐሳብ ይመጣል። የተለየ የሚባለው ግን እዚያው ዝርዝር ላይ የሚጨመር ነገር ሆኖ ይቀራል። አዳራሹ ይሰፋል፤ ኬኩ አንድ ፎቅ ይጨምራል። ድምሩ ሲታይ ደግሞ ሠርጉ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። በየኅብረታችን ሽማግሌ ተልኮላቸው፣ የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ጨርሰው፣ ገንዘቡ እስኪሞላ ብቻ የሚጠብቁ ጥንዶች አሉ። ታውቋቸዋላችሁ፤ ምናልባትም እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።

ለመሆኑ ይህን ዝርዝር የጻፈው ማን ነው? ሙሴ አይደለም፤ ጳውሎስም አይደለም። ከዝርዝሩ ሁለት ነገር እናንሣና ከየት እንደ መጣ እንመልከት፤ ከዚያ ወደ አንድ የቆየ ሠርግ አብረን እንሂድ። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከቬሎ እንጀምር። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ራስንና ፊትን የሚሸፍነውን ስስ ጨርቅ ብቻ ሲያመለክት እኛ ለሙሉ ቀሚሱ አደረግነው። ነጩ ቀሚስ የሙሽራ ልብስ ሆኖ በዓለም የተዛመተው ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ በኋላ ነው። ቪክቶሪያ ልዑል አልበርትን ያገባችው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 በለንደን ነበር። ከእርሷ በፊት ነጭ የለበሰች ሙሽራ አልነበረችም ማለት አይደለም። ነገር ግን በአውሮፓ ሙሽራ ስትዳር ያላትን ምርጥ ቀሚስ፣ ሰማያዊም ሆነ ቀይ፣ ትለብስ ነበር፤ ከሠርጉም በኋላ ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን ይሆናታል። ቪክቶሪያ ንግሥት ስለ ነበረች ዘውድና ካባ መልበስ ትችል ነበር፤ እርሷ ግን ዘውዱን ትታ የብርቱካን አበባ ጉንጉን ራሷ ላይ አደረገች። ቀሚሷ የተሠራው በለንደን ስፒታልፊልድስ ከተሸመነ ሐር ሲሆን፣ ዳንቴሉ ደግሞ ዴቨን በሚባለው አውራጃ በእጅ የተሠራ ነበር። በዚያ ወቅት ዳንቴል የሚሠራ ማሽን መጥቶ የእጅ ሠራተኞቹን ሥራ አሳጥቷቸው ነበር። ለንግሥቲቱ ዳንቴል ከ200 በላይ ሰዎች ለወራት ሥራ አገኙ። ነጩም ቀለም ዳንቴሉን አጉልቶ አሳየው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ ቀሚስ በዚያ ቀን ምክንያት ነበረው። የገዛ አገሯን የእጅ ባለሙያዎች ለመርዳት የተመረጠ ልብስ ነው። ምክንያቱ ግን ቶሎ ተረሳ። ገና ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በ1849፣ ጎዲስ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ሴቶች መጽሔት ነጭ ከጥንት ጀምሮ ለሙሽራ የተወሰነ ቀለም እንደ ሆነና የንጽሕና ምልክት እንደ ሆነ አድርጎ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት “ከጥንት ጀምሮ” ለመባል በቃው። ቪክቶሪያ ራሷ ግን የሠርጓን ዳንቴል ሳጥን ውስጥ አልቆለፈችበትም፤ ደጋግማ ለብሳዋለች፣ በ1897 የነገሠችበት 60ኛ ዓመት ሲከበርም ለብሳው ነበር። ዛሬ ለአንድ ቀን ቬሎ የሚከፈለውን ኪራይ ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሙሽሮች ሲገቡ በኪቦርድ የሚመታው ያ የታወቀ ዜማስ? ከሁለቱ ታዋቂ የሠርግ ዜማዎች አንዱ፣ የሜንደልሶን፣ በ1842 ለሼክስፒር ተውኔት የተደረሰ ነው፤ በሠርግ ቤት የተለመደውም የቪክቶሪያ ልጅ በ1858 ስታገባ ስለ ተመታ ነው። ሌላው ቫግነር ከጻፈው ሎሄንግሪን ከተባለው ኦፔራ የወጣ ነው፤ ኦፔራው መጀመሪያ የታየው በ1850 ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ዜማው ተዘምሮ ገና ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ሙሽራይቱ እንዳትጠይቅ የተከለከለችውን ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጋብቻው ይፈርሳል፤ ሙሽራውም ትቷት ይሄዳል። እንግዲህ ስንቱ አማኝ በዚያ ዜማ ታጅቦ ወደ መድረክ ወጥቷል!

አሁን ከ300 ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንመለስ፤ ወደ ጀርመን፣ ወደ ዊተንበርግ ከተማ። ማርቲን ሉተርን የምታውቁት ስለ ጽድቅ በሰበከው፣ መጽሐፍ ቅዱስን በተረጎመው ነው። ሠርጉን ግን በየኅብረቱ ብዙ አንተርከውም፤ ቢሆንም እኛ ወንጌላውያን ካሉን የሠርግ ታሪኮች እንደ እርሱ የሚገርም የለም ብዬ አስባለሁ።

ሙሽራይቱ ካታሪና ፎን ቦራ ትባላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ በገዳም ያደገች መነኩሲት ነበረች። የሉተር ጽሑፍ ኒምብሸን ወደሚባለው ገዳማቸው ደርሶ፣ በ1523 የትንሣኤ በዓል ሰሞን 12 መነኩሲቶች በሌሊት ጠፍተው ወጡ። ያስመለጣቸው ሊዮንሃርድ ኮፐ የሚባል የቶርጋው ከተማ ነጋዴ ነው። ለገዳሙ አሳ የሚያቀርብ ሰው ስለ ነበረ ሠረገላው ቢገባ ቢወጣ ማንም አይጠረጥረውም። መነኩሲትን ከገዳም ማስኮብለል በዚያ ዘመን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ከሴቶቹ ዘጠኙ ወደ ዊተንበርግ መጡና ሉተር መጠለያና ባል ሲፈልግላቸው ከረመ።

ካታሪና ብቻ ቀረች። መጀመሪያ የወደደችው የኑረምበርግ ወጣት ወደ ቤተ ሰቡ ሄዶ አልተመለሰም፤ ቤተ ሰቡ ከገዳም የወጣችን ሴት አልፈለጉም። ሉተር ሌላ በዕድሜ የገፋ አገልጋይ አመጣላት፤ አይሆንም አለች። ከዚያ የሉተር ወዳጅ ወደሆነው ወደ አምስዶርፍ ሄዳ፣ ከእርሱ ወይም ከሉተር ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ግን እንደማትቃወም ነገረችው። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነው፤ እዚህ ግን ሙሽራይቱ ላከች ማለት ይቻላል። (ቪክቶሪያም አልበርትን የጠየቀችው ራሷ ናት፤ ለንግሥት የጋብቻ ጥያቄ ማቅረብ አይፈቀድም ነበርና።) ሉተር በበኩሉ እንደ መናፍቅ ይገድሉኛል ብሎ ስለሚጠብቅ የማግባት ሐሳብ እንደሌለው ከወራት በፊት ጽፎ ነበር።

ጊዜውም የሠርግ ጊዜ አይመስልም ነበር። 1525 የገበሬዎች ጦርነት ዓመት ነው። በሜይ ወር ፍራንከንሃውዘን አጠገብ በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች አልቀዋል። ሉተርም በገበሬዎቹ ላይ በጻፈው ጨካኝ ጽሑፍ ብዙዎች አዝነውበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያሳዝናል። ሲጠብቀው የኖረው መስፍን ፍሬድሪክም በዚያው ወር ሞቷል። አገር እያለቀሰ ሠርግ ይደገሳል? ይህ ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቅርብ ባልንጀራው ሜላንክቶን ሠርጉን በኋላ ሲሰማ ተቆጣ፤ ቁጣውንም ለአንድ ወዳጁ በግሪክኛ ጻፈለት። የሉተር መልስ አጭር ነበር፦ ስለ ጋብቻ ያስተማርኩትን በሕይወቴ ማጽናት አለብኝ፤ አባቴም የልጅ ልጅ ይፈልጋል። የሞት ጥላ ካለበት ማዘግየት ሳይሆን መፍጠን ይሻላል ብሎ አሰበ።

ስለዚህ ጁን 13 ቀን ማክሰኞ ማታ፣ ሉተር በሚኖርበት በቀድሞው ገዳም ቤት ውስጥ ተጋቡ። እርሱ 41 ዓመቱ፣ እርሷ 26 ዓመቷ ነበር። የከተማው መጋቢ ዮሐንስ ቡገንሃገን አጋባቸው። ምስክሮቹን በጣት መቁጠር ይቻላል፦ ዩስቱስ ዮናስ፣ አንድ የሕግ መምህር፣ ሠዓሊው ሉካስ ክራናክና ሚስቱ። ዮናስ ቆሞ ሲያይ እንባውን መቆጣጠር እንዳልቻለ በማግሥቱ ጽፏል። ቃል ኪዳኑ በዚያ ሌሊት አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ማንም “ገንዘቡ እስኪሞላ” ሊል አይችልም።

ድግሱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጁን 27 ቀን ነው። ይህን ሁለተኛ ቀን እወደዋለሁ። ሉተር ቁጭ ብሎ በእጁ የጥሪ ደብዳቤ ጻፈ። ወላጆቹን ጠራ፤ ልጃቸው መነኩሴ ሲሆን በጣም የተቆጡት አባቱ ሐንስ ለሠርጉ መጡ። ኮፐንም ጠራ። አስቡት፤ በሌሊት ሕይወቱን አስይዞ ሙሽራይቱን ያወጣት ነጋዴ በቀን ብርሃን የሠርጓ እንግዳ ሆነ። (ሉተር ከቶርጋው ጥሩ ቢራ ይዘህ ና ብሎ መለመኑን ብደብቃችሁ ታሪክ መጻፌ ይቀራል።) እናንተ የእንግዳ ዝርዝር ስትጽፉ “እነ እገሌ ጠርተውን ነበር” ብላችሁ ከመጀመር ይልቅ፣ እዚህ እንድትደርሱ ዋጋ የከፈለው ሰው ማን እንደ ሆነ ብትጠይቁስ? ያጠመቃችሁ ሽማግሌ ይሆናል፤ የትምህርት ቤት ክፍያችሁን የከፈለች አክስት ትሆናለች። እንዲህ ያለው ሰው አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ደወል እየተደወለ ሙሽሮቹ በከተማው መንገድ በእግር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በዚያ ዘመን ቃል ኪዳን የሚፈጸመው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ ነበር። ከዚያ ማዕዱ ቀረበ። ማታ ላይ እንግዳው ሁሉ ወደ ቤቱ መግባት ነበረበት፤ ከተሞች ስለ ሠርግ ሕግ ነበራቸው። ኑረምበርግን የመሰሉ ከተሞች ስንት እንግዳ እንደሚጠራ፣ ምን ያህል እንደሚደገስ ሳይቀር ይወስኑ ነበር፤ ዜጎች በሠርግ እየተፎካከሩ ስላስቸገሩ። የዛሬው ጭንቀታችን ዕድሜው ረዘም ያለ ነው ማለት ነው።

ሉተር በ1529 ለመጋቢዎች አንዲት ትንሽ የጋብቻ ሥርዓት መጽሐፍ አዘጋጀ። መግቢያው ላይ የሚለው የሚያስገርም ነው። አገሩ ልዩ ልዩ እንደ ሆነ ልማዱም ልዩ ልዩ ነው፤ አንዳንዱ ሙሽሮቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ጊዜ ይወስዳል፣ ሌላው አንድ ጊዜ፤ ይህን ለየከተማው እንተወው፤ እኛ አገልጋዮች ግን ባርኩን፣ ጸልዩልን ሲሉን እንባርካለን፣ እንጸልያለን ይላል። በሌላው ሁሉ አጥብቆ የሚከራከረው ሰው በድግሱ ላይ ሕግ አላወጣም።

ፎቶስ? እርሱም ነበረ። ከምስክሮቹ አንዱ ሠዓሊ ነው ብያችኋለሁ። ክራናክና በሥራ ቤቱ ያሉ ሠዓሊዎች ከ1525 ጀምሮ የሉተርንና የካታሪናን ምስል ጥንድ ጥንድ አድርገው ደጋግመው ሣሉ፤ ብዙዎቹ ዛሬም በየቤተ መዘክሩ አሉ። ሉተር ጥቁር ልብስ፣ ካታሪና ፊት ለፊቱ በክር የታሰረ ቀሚስና የፀጉር መረብ። ነጭ የለም፤ ዘውድ የለም። ሥዕሎቹ የተሣሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንድ አገልጋይ በግልጥ፣ ያለ እፍረት ሚስት አግብቷል ብለው ለአገር የሚናገሩ ነበሩ።

ሙሽሮቹ የገቡበት ቤት ባዶ ነበር። ሉተር ከሠርጉ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ፍራሹን ያነጠፈለት ሰው እንዳልነበረና ድካም ስለሚጥለው እንዲሁ ይወድቅበት እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ካታሪና ያንን ገዳም አጽድታ፣ አትክልት ተክላ፣ ከብት አርብታ፣ ተማሪ አከራይታ የእንግዳ ቤት አደረገችው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ መጥቶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል፤ ሉተርም የምስክር ደብዳቤ ጽፎለታል።

ስጦታም መጣ። አዲሱ መስፍን 100 ጉልደን ሰጠ፤ የከተማው ምክር ቤት 20 ጉልደን፤ ዩኒቨርሲቲው የብር ጽዋ። ደግሞ ማንም ያልጠበቀው 20 ጉልደን ከማይንዝ ሊቀ ጳጳስ ከአልብሬክት ዘንድ ደረሰ። ይህ ሰው በ1517 የሥርየት ወረቀት ሲያስሸጥ የነበረው፣ 95ቱ አንቀጾች የተላኩለት ያው ሰው ነው። ሉተር ገንዘቡ ይመለስ አለ። ካታሪና ግን ጓዳውን ታውቀዋለችና ተቀበለችው።