ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፦ አብዬና የኛ ሰዎች



ባለፈው ወር ትልልቆቹን ልጆች «ታሪክ ያለው አንድ ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ኑ» ብለናቸው ነበር። ጀበና መጣ፣ መሶብ መጣ፣ የአያት ፎቶ መጣ። አንዱ ልጅ ግን ሰማያዊ የወታደር ቆብ ይዞ መጣ። «የአጎቴ ነው፤ አብዬ ነበር» አለ። ከዚያ በላይ አያውቅም። ሌሎቹ «አብዬ ምንድን ነው?» ሲሉ፣ እውነቱን ለመናገር ከኛ ከአስተማሪዎቹም ገሚሶቻችን ዝም አልን። «አንብበን እንመጣለን» አልናቸው፤ ይኸው፣ ለናንተም ጻፍነው። ቀኖቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ሰሜንና ደቡብ ሱዳን ከሃያ ዓመት በላይ ከተዋጉ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። የደቡቡ ሕዝብ ከስድስት ዓመት በኋላ «አብረን እንኑር ወይስ እንለያይ?» ተብሎ እንዲጠየቅ ተስማሙ። በጥር 2003 ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ፤ ከመቶ 98.8ቱ «እንለያይ» አለ። ድምፅ አሰጣጡን ከታዘቡት አንዱ እዚሁ አትላንታ ያለው የካርተር ማዕከል ነው፤ ጂሚ ካርተር ራሳቸው ሱዳን ድረስ ሄደው ነበር። በመኪና በዚያ ስታልፉ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

አብዬ ግን መሀል ላይ ቀረች። ነዋሪዎቹ ንጎክ ዲንካዎች ናቸው፤ በበጋ ደግሞ ሚሲሪያ የሚባሉ አረብ ከብት አርቢዎች ውሃና ሣር ፍለጋ ከሰሜን ይወርዳሉ። አብዬ በዚያው ወር «ከሰሜን ወይስ ከደቡብ?» ብላ የራሷን ሕዝበ ውሳኔ ልታደርግ ነበር። ሆኖም «ሚሲሪያዎቹ ይምረጡ ወይስ አይምረጡ?» የሚለው ላይ ስላልተስማሙ ሳይካሄድ ቀረ። በአካባቢው ነዳጅ ዘይት ስላለ ደግሞ ነገሩ የግጦሽ ብቻ አልነበረም። ግንቦት 13 ቀን 2003 የሱዳን ጦር ከተማዋን ያዘ። ቤት ተቃጠለ፣ ንብረት ተዘረፈ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወደ ደቡብ ሸሸ።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ታይቷል። በ1991 ዓ.ም. የምሥራቅ ቲሞር ሕዝብ ከኢንዶኔዥያ ለመለየት ድምፅ ሲሰጥ ሚሊሻዎች አገሩን አቃጠሉት፤ በአውስትራሊያ የሚመራ ጦር ገብቶ ነው ያረጋጋው። አብዬ ላይስ ማን ይግባ? ሁለቱም ወገኖች እሺ ያሉት ኢትዮጵያን ነበር። በታቦ ምቤኪ አደራዳሪነት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም በሽምግልናው ገብተውበት፣ ሰኔ 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። በሳምንቱ የጸጥታው ምክር ቤት ዩኒስፋ የሚባለውን ኃይል አቋቋመ፤ እስከ 4,200 ወታደር እንዲኖረው ተፈቀደ። የተባበሩት መንግሥታት ጦር አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ አገር ይውጣጣል፤ ይሄኛው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ኢትዮጵያዊ ነበር። የመጀመሪያው አዛዥ ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ።

ሥራቸው መሀል መቆም ነበር። ከብቶቹ ሲወርዱና ሲመለሱ በየመንገዱ ይቃኛሉ፣ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ያገናኛሉ። በኋላ አሚየት የሚባል ገበያ ቆመ፤ ዲንካውና ሚሲሪያው እዚያ አብረው ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ።

ዋጋውም ከባድ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2003፣ ገና ከመግባታቸው፣ ማቦክ በሚባል ቦታ ፈንጂ አራት ኢትዮጵያውያንን ገደለ። ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ደግሞ የንጎክ ዲንካው ዋና አለቃ ኩዎል ዴንግ በሰላም አስከባሪዎቹ ታጅበው ሲጓዙ ተገደሉ፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደርም አብሯቸው ሞተ። የኛ ሰዎች በ2014 ዓ.ም. ቦታውን ለሌሎች አገሮች ወታደሮች አስረክበው ወጡ። የአብዬ ጥያቄ ግን ዛሬም አልተመለሰም።

ይህን ስንነግራቸው አንዲት ልጅ «ሰላም ሊያስከብሩ ሄደው ለምን ሞቱ?» አለች። መልሱን ከቃሉ ጀመርን። «ሰላም አስከባሪ» ስንል ሰላም እንዲከበር የሚያደርግ ማለት ነው። ሰላም ካለ ማስከበር አያስፈልግም። የማያከብር ስላለ ነው ሰው መሀል የሚቆመው፤ መሀል የቆመ ደግሞ ከሁለቱም በኩል ሊመታ ይችላል።

ስለ ወታደር ስናወራ በየቤታችን አንድ ዓይነት ስሜት እንደሌለ እናውቃለን። ከቅርብ ዓመታቱ ጦርነት በኋላ ብዙዎቻችን ዝም ማለት እንመርጣለን። ለልጆቹ ጀግንነት ብቻ ንገሯቸው እያልን አይደለም። ግን ዝም ስንል ልጁ እጁ ላይ የሚቀረው ቆብ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ይጠፋል።

ስለዚህ ዘመድ ኮሪያም ይሁን ኮንጎ፣ ዳርፉርም ይሁን አብዬ ሄዶ ከነበረ፣ በአማርኛ ትንሽ ንገሯቸው። ምን በላ? ማን ናፈቀው? ምን አስፈራው? ይበቃል።

የቆቡ ልጅ አባት ሊወስደው ሲመጣ ቆቡን ተቀብሎ ትንሽ ቆመ። «ወንድሜ እኮ ነው፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም» አለን። አጎትየው አዲስ አበባ ነው ያለው። ልጁ አምስት ጥያቄ በአማርኛ ጽፏል፤ ፊደሉን ብቻ አረምንለት። እሁድ ጠዋት አብረው ይደውሉለታል።