ወረቀቱ 4 ይላል፣ ስክሪኑ 3.24፦ የጎደለው ሜሞሪ የት ገባ?

የአክስቴ ልጅ ያዮ ነው የሚኖረው። የቡና ለቀማው እንዳለቀ ያጠራቀማትን ብር ይዞ መቱ ሄደና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «4 ጊጋባይት ራም፣ 2.4 ጊጋኸርዝ» ይላል። ማታ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ግን ዊንዶውሱ «ጥቅም ላይ የሚውለው 3.24 ጊጋባይት» አለው፤ ፍጥነቱ ደግሞ 0.8 ጊጋኸርዝ። ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ተሸወድኩ! ነገ በጠዋት ሄጄ ከሰውዬው ጋር ነው የምተናነቀው።»

ቆይ አልኩት። እናንተም ቆዩ፤ ይሄ ጠብ ከእሱም ከእኔም ዕድሜ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ለገበያ ሲያወጣ፣ ውስጡ የነበረው የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ መስመሮች ነበሩት። እያንዳንዱ መስመር 0 ወይም 1 ነው የሚይዘው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሊጠራ የሚችለው የአድራሻ ብዛት 2ን በራሱ 20 ጊዜ ስናባዛ የምናገኘው 1,048,576 ነው፤ ማለትም 1 ሜጋባይት። ግን ፕሮሰሰሩ የሚያወራው ከራም ጋር ብቻ አይደለም። ስክሪኑም፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ቋሚ ፕሮግራምም አድራሻ ይፈልጋሉ። መሐንዲሶቹ ለነዚህ 384 ኪሎባይት ቆርጠው ያዙ፤ ለተጠቃሚው ፕሮግራም 640 ቀረለት።

ፖስታ ቤትን አስቡ። የሚያውቃቸው ቁጥሮች ከ1 እስከ 100 ብቻ ናቸው እንበል። ሃያውን ለራሱ ቢሮዎች ከሰጠ፣ ግድግዳው ላይ 100 ሣጥን ብትደረድሩ እንኳ 20ዎቹ ቁጥር አልባ ሆነው ይቀራሉ። ሣጥኖቹ አሉ፣ ማንም አልሰረቃቸውም። ደብዳቤ ግን አይደርሳቸውም።

በ1985 ኢንቴል 80386ን አወጣ። አድራሻው 32 ቢት ሆነ፤ ይሄ እስከ 4 ጊጋባይት ያስጠራል። በዚያ ዘመን 4 ጊጋባይት ራም ለመግዛት የማን ኪስ ይችላል? ችግሩ የተዘጋ መሰለ። ሃያ ዓመት አለፍ ሲል ግን 4 ጊጋባይት ተራ ላፕቶፕ ውስጥ ገባ፣ ያው የ1981 ታሪክም ተመልሶ መጣ። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 3 ጊጋባይት ከምናምን ብቻ ያሳይ ጀመር፤ የቀረውን አድራሻ ቪዲዮ ካርዱና ሌሎች ክፍሎች ይዘውታል። ማይክሮሶፍት በ2008 ለዊንዶውስ ቪስታ ባወጣው የመጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሚታየውን ቁጥር ቀየረ! የሚሠራበትን ትቶ የተገጠመውን ሙሉ 4 ማሳየት ጀመረ። አንድም ባይት አልተጨመረም። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም፤ በ2009 ዊንዶውስ 7 ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ይሻላል።

ዛሬ ባለ 64 ቢት ሲስተም የአድራሻውን ጥበት ፈትቶታል። ሆኖም 8 ገዝታችሁ 7 ነጥብ ምናምን የምታዩት፣ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ግራፊክስ ከራሙ ላይ ስለሚበደር ነው። እንደ ኢንቴል 810 ያሉ ቺፕሴቶች በ1999 ይህን ብድር ርካሽ ኮምፒውተሮች ውስጥ አስገቡት።

ሃርድ ዲስክና ፍላሽ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚለያየው መስፈሪያው ነው። ፈረሱላ ዛሬ ቡና ላይ 17 ኪሎ ነው፤ ድሮ ግን እንደ ገበያውና እንደ ዕቃው ይለያይ ነበር። «ኪሎ» ለዲስክ አምራቹ 1000 ነው፣ ለዊንዶውስ 1024። ስለዚህ 500 ተብሎ የተሸጠ ዲስክ 465 ይላል፣ 64 የተባለ ፍላሽ ደግሞ 59.6 ገደማ። በ1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለ1024ቱ «ኪቢባይት» የሚል የራሱ ስም አወጣለት። ሱቅ ገብታችሁ ኪቢባይት ብትሉ ግን የሚሰማችሁ የለም።

ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በስኩዌር። ሁለቱን አንድ ላይ ዝቅ ማድረግ ባትሪ በጣም ይቆጥባል። ኢንቴል ይህን ስፒድስቴፕ ብሎ በ2000 መጀመሪያ ላይ ላፕቶፕ ውስጥ አስገባው፦ ቻርጀር ላይ 650 ሜጋኸርዝ የሚሮጠው ፔንቲየም 3 በባትሪ 500 ይወርዳል። ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር 0.8 ቢያሳይ እያረፈ ነው ማለት ነው።

በ2001 ደግሞ ኤኤምዲ ጉድ ሠራ። «አትሎን ኤክስፒ 1800+» ብሎ የሸጠው ፕሮሰሰር ትክክለኛ ፍጥነቱ 1.53 ጊጋኸርዝ ነበር። ውሸት ነው? ኤኤምዲ፣ የእኔ ቺፕ በእያንዳንዱ ምት ከተቀናቃኜ ፔንቲየም 4 የበለጠ ይሠራል ባይ ነው፤ ነገሩም እውነት ነበር። ቡና ለቅማችሁ የምታውቁ ይገባችኋል፦ ወሳኙ በደቂቃ ስንት ጊዜ እጅ መዘርጋት ብቻ አይደለም፣ በአንድ ዝርጋታ ስንት ፍሬ መያዝም ነው። ቢሆንም ጊጋኸርዝ የሚመስል ቁጥር ለጥፎ ጊጋኸርዝ አይደለም ማለት፣ ለእኔ ገዢን ማደናገር ነው።

የአክስቴን ልጅ ቻርጀሩን ሰካ አልኩት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ከፈተ፤ ጎን ለጎን ቪዲዮ አስጀመረ። ፍጥነቱ እያየው 2.4 ደረሰ። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ኖሯል፤ ከሳምንት በኋላ ባለ 64 ቢት ስንጭንበት 3.24 የነበረው 3.88 ሆነ። ላፕቶፑ ንጹሕ ነው።

«ፍላሹስ?» አለኝ ያኔ። ሻጩ ምርቃት ብሎ አንድ ፍላሽ ሰጥቶታል፤ ላዩ 64 ይላል፣ ኮምፒውተሩም ልቅም አድርጎ 64 ይላል። እሱ ያላማረረው ስለ እሱ ብቻ ነበር። ፊልም እየገለበጥክ ሙላው፣ ከዚያ እየከፈትክ እይ አልኩት። የመጀመሪያዎቹ 8 ጊጋባይት ተከፈቱ። የቀሩት ፋይሎች ስማቸው ብቻ ነው ያለው።

በነጋታው መቱ የሄደው በፍላሹ ነው።