ውሃ የሌላት ደሴት

«የባሕር በር» ስንል ሐሳባችን ሁሉ በሩ ላይ ነው። ማን ከፈተው፣ ማን ዘጋው፣ በማን ዘመን ከእጃችን ወጣ? በሩ ሥር ቤት ሠርቶ የሚኖረው ሰው ትዝ አይለንም። እኔም ምጽዋን የማውቃት እንደዚያው ነበር፤ በዐፄ ዮሐንስና በራስ አሉላ ታሪክ ውስጥ ስሟ ሲነሳ ብቻ። ከተማይቱ ራሷ ምን እየበላች፣ ይልቁንም ምን እየጠጣች እንደኖረች የጠየቀ መምህር አልገጠመኝም።

የመጠጡ ነገር ቀላል አይደለም። አሮጌዋ ምጽዋ የኮራል ደሴት ናት፤ ምንጭ የላትም። ዝናቡም ጥቂት ነው፤ ያውም የሚጥለው ደጋው በሚደርቅበት በበጋው ወራት ነው። ሰዉ የዝናቡን ውሃ በጉድጓድ ያጠራቅም ነበር፤ እሱ ሲያልቅ ውሃው መምጣት ያለበት ከየብስ ነው። ከየብስ ደግሞ ሁለት ቦታዎች ነበሩ፦ በደቡብ በኩል ባሕሩ ዳር ያለችው ሕርጊጎ፣ እና ከደሴቷ ወደ ምዕራብ ያለችው እምኩሉ። እንግዲህ የምጽዋ ታሪክ ከደሴቷ ይልቅ ከእነዚህ ሁለት መንደሮች ሲታይ ነው ፍንትው የሚለው።

ኦስማኖች በኦዝደሚር ፓሻ መሪነት በ1557 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ምጽዋን ያዙ። በኋላ ግን ወደብ መያዝና ወደብ ማኖር ልዩ ልዩ መሆናቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ሥልጣኑን ለአገሬው ሰው ሰጡት። የተሾሙት በለው ከሚባለው ወገን የመጡ የሕርጊጎ ባላባቶች ናቸው። ማዕረጋቸው «ናይብ» ነው፤ በዐረብኛ ምክትል ማለት ነው። ምክትል ይባሉ እንጂ አለቃቸው ሩቅ ነበር። የቱርክ ወታደሮችም ከአገሬው ተጋብተው፣ የልጅ ልጆቻቸው ትግረ እየተናገሩ የሕርጊጎ ሰው ሆነው ቀሩ።

የናይቡ ጉልበት ከየት መጣ? ከደጋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ የዝሆን ጥርሱን፣ ሰሙን፣ ወርቁን፣ ዝባዱን ይዞ፣ በባርነት የሚሸጡ ሰዎችንም እየነዳ (ይህን መዝለል አይገባም) በናይቡ ምድር ነው የሚያልፈው። ወደ ላይ የሚወጣውም እንዲሁ። መንገድ መሪውን የሚሰጠው፣ ግመሉን የሚያከራየው፣ ቀረጡን የሚቀበለው እሱ ነው። ከግብፅ የሚመጣው ጳጳስ እንኳ ወደ ጎንደር ከመውጣቱ በፊት ከናይቡ ጋር መስማማት ነበረበት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ላይ ወርዶ፣ ናይቡ እስኪለቀው ድረስ ሁለት ወር ያህል ተጉላልቷል። ደሴቷ ላይ ያለው ሹም ካስቸገረ ደግሞ ናይቡ ጦር ማዝመት አያስፈልገውም። ወደ ደሴቷ የሚሄደውን ውሃ ማስቆም ይበቃዋል። አደረገውም። መድፍ የታጠቀ ምሽግ በጥማት ይረታ ነበር።

ኦስማኖች ይህን ለመስበር ብዙ ቆዩ። በ1840ዎቹ ማብቂያ ላይ ወታደሮቻቸው ሕርጊጎን አቃጠሉ፤ ምሽግም ሠሩባት። የናይቦቹ ዘመን ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሕርጊጎ ስትቃጠል ግን ይህ የመጨረሻዋ አልነበረም።

በዚያው ክፍለ ዘመን ነጋዴው ሲበዛ፣ ከሐድረሞት፣ ከሒጃዝ፣ ከግብፅ፣ ከሕንድ የመጣው ሲጨመር፣ ደሴቷ ጠበበች። ሕንዳውያኑ ባንያኖች ለዳህላክ ዕንቁ ጠላቂዎች ገንዘብ የሚያበድሩ ነበሩ። ደህና ኑሮ ያለው ነጋዴ እምኩሉና ሕጡምሎ ቤት ሠርቶ፣ ጠዋት ወደ ደሴቷ ለሥራ ገብቶ ማታ ወደ ውሃው ይመለሳል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ የእምኩሉ ልጃገረዶች አቁማዳ ሙሉ ውሃ አዝለው ይመጣሉ። በየቀኑ። ያዩዋቸው ተጓዦች በመጻሕፍቶቻቸው አንስተዋቸዋል፤ የአንዳቸውንም ስም ግን አልጻፉልንም። ከተማይቱን በሕይወት ያቆየ ሰው ይጠራ ከተባለ ከፓሾቹ በፊት እነሱ ነበሩ መጠራት ያለባቸው።

ስሙ የተጻፈለት ሌላ ሰው ነው። ቨርነር ሙንዚንገር በ1832 ስዊዘርላንድ፣ ኦልተን ተወለደ። ከረን ተቀምጦ የቢለን ሴት አገባ፤ ቋንቋውን፣ የአገሩን ሕግ አጠና። በኋላ ምጽዋ ላይ የአውሮፓውያን ቆንስል ሆነ፤ እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱም አገዛቸው። ግብፆች ምጽዋን ከኦስማኖች በ1865 ተረክበው ነበርና፣ በ1871 አገረ ገዢ አድርገው ሾሙት። በዓመቱ ቦጎስን ያዘላቸው። ለደጋው ሰው ሙንዚንገር ጠላት ነው፤ እኔም አልከራከርም። ምጽዋ ላይ ግን ሁለት ነገር ሠርቷል። ደሴቷን ከጥዋለት፣ ጥዋለትን ከየብስ የሚያገናኝ ድልድይ መሰል የድንጋይ መንገድ በባሕሩ ላይ አስደለደለ፤ ከእምኩሉም ውሃ በቦይ አስገባ። ናይቡ በውሃ የሚያስፈራራበት ዘመን ያኔ አበቃ። ሰውዬው ራሱ በኅዳር 1875 ወደ ምኒልክ ለመድረስ ሲጓዝ አውሳ ላይ ከሚስቱ ጋር ተገደለ።

ቀሪውን አንባቢ ያውቀዋል። በ1884 አድዋ ላይ በተፈረመው የሂዌት ውል ዐፄ ዮሐንስ በምጽዋ ሸቀጥ በነጻ እንዲያልፍላቸው ቃል ተገባላቸው፤ ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 5 ቀን 1885 ጣልያን ወረደ። ጥር 26 ቀን 1887 ደግሞ ዶጋሊ ሆነ። ጣልያኖች ዋና ከተማቸውን በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ወደ አሥመራ አወጡ፤ ባቡሩም በ1911 አሥመራ ገባ። ምጽዋ ማለፊያ ሆነች። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን አፈራረሳት፤ እንደገና ተሠራች።

በጣልያን ዘመን ሰዉ የሚሰማው ድምፅ ከሕጡምሎ ነበር። የኸትሚያ መንገድ መሪ የነበሩት ሰይድ ሐሺም አል ሚርገኒ እዚያ ይኖሩ ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ሲቲ ዐለውያ ገነኑ። ሴት ናቸው። ወንድም ሴትም በረከታቸውን ፍለጋ ይጎርፍ ነበር፤ ጣልያኖቹም ያከብሯቸው፣ ሊጠቀሙባቸውም ይሹ ነበር። እስከ 1940 ኖሩ።

ከሕርጊጎ ደግሞ ሳሌሕ አሕመድ ኬኪያ ፓሻ የሚባሉ ነጋዴ ተነሱ። ባለጸጋ ስም ሲያስጠራ ብዙ ጊዜ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ያሠራል፤ ሰውዬው በ1940ዎቹ ለመንደራቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ናይቦቹ ካለፉ በኋላ ሕርጊጎን እንደገና ያስጠራት ይህ ትምህርት ቤት ነው። ካስተማሩበትና ከመሩት አንዱ የዚያችው መንደር ልጅ ዑስማን ሳሌሕ ሳቤ ናቸው፤ በኋላ ከጀብሃ ዋና መሪዎች አንዱ የሆኑት።

በዚያን ጊዜ እኛ ምጽዋ ላይ የምናየው ሌላ ነበር፦ የባሕር ኃይሉን ነጭ ልብስ፣ የጥዋለቱን ቤተ መንግሥት፣ ጃንሆይ ለባሕር ኃይል ቀን ሲወርዱ የሚነሡትን ፎቶ። እውነት ነው፣ ያም ነበር። ሕርጊጎ ግን እዚያው በቅርብ ነበረች። በሚያዝያ 1975 የኢትዮጵያ ጦር ገባባት፤ ብዙ ሲቪል ሰው ገደለ፣ መንደሩን አቃጠለ። የተረፈው ተሰደደ። ስለ ምጽዋ በአማርኛ ባነበብኳቸው የወታደር ማስታወሻዎች ውስጥ ይህቺን ቀን ፈልጌ አጥቻታለሁ።

ያነበብኩት በብዛት ስለ የካቲት 1990 ነው። ሻዕቢያ የየብሱን ወገን ያዘ፤ የቀረው ጦር ከብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ ጋር ጥዋለት ላይ ተከበበ። የናይቡ ዘዴ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ የብሱን የያዘ ደሴቷን ይዟል። ታንኮቹ ወደ ጥዋለት የገቡት ሙንዚንገር በደለደለው መስመር ነው። ሦስቱ ዛሬም ሐውልት ሆነው ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ከአየር ተደበደበች፤ የቤተ መንግሥቱም ጉልላት እንደተቦደሰ ቀረ።

የሕርጊጎን ስም በአማርኛ ዜና የሰማሁት በግንቦት 2000 ነው። አዲስ የተሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ነበራት፤ የእኛ አውሮፕላኖች መቱት። ከአምስት ዓመት በኋላ የሔጉ የካሳ ኮሚሽን ጣቢያው ሕጋዊ ወታደራዊ ዒላማ ነበር ብሎ በድምፅ ብልጫ ወሰነ። ዜናውን አብሮኝ የሚሰማው ጓደኛዬ «ሕርጊጎ የት ነው?» አለኝ። «ምጽዋ አጠገብ» አልኩት።