ከማገዶ ሸክም እስከ ኪሮሽ፦ የአንገት ልብሳችን ታሪክ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንዲት ደንበኛ ማኅበራችን ከጸጉራም ክር የሠራውን የአንገት ልብስ እያገላበጡ ካዩ በኋላ፣ “ክር ብቻ አይደለም እንዴ? ምን አስወደደው?” አሉ። የሠራችው እኅታችን አንገቷን ደፍታ ዋጋውን ቀነሰች። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የዚያን ዕለት ማታ መዝገቡን ገለጥኩ። የክሩ ዋጋ ተጽፏል፤ የትራንስፖርቱም ተጽፏል። እሷ ስትሠራ ያሳለፈችው ሰዓት ግን የትም የለም። ይህ ባዶ ቦታ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

የካ ክፍለ ከተማ ጀርባውን ለተራራ የሰጠ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ከፊቱ የተደረደረው ጋራ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። “በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚለው አባባል የሚገባው እዚያ ላደረ ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በዚያው በጥቅምት ብርድ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ ግን ከዚያ በፊት በ1879 ዓ.ም. ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለውት ነበር። የከተማችን ልደት አንዱ ምክንያት ሙቀት ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ ብርድ የሚመከተው በጋቢ፣ በበርኖስና ከመንዝ በሚመጣው የበግ ጠጉር ባና ነበር። በእነዚህ ልብሶች ሥራ ጥጡን ባዝታ፣ ጠጉሩን አባዝታ የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማኔው ወንድ ነው። ገበያ ላይ የሚታወቀው የሸማኔው እጅ ነው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ድርና ማግ ለመፍተል ስንት ሌሊት እንደፈጀ የጠየቀ አልነበረም። በመዝገባችን ያገኘሁት ባዶ ቦታ የመጀመሪያ ሥሩ እዚህ ይመስለኛል።

ሌላው የሙቀት ምንጭ ማገዶ ነው። የእንጦጦ ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለተመናመነ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ያቆያት በ1887 ዓ.ም. አካባቢ የመጣውና በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ለከተማው ማገዶ ሰጠ፤ ለድሃ ሴት ደግሞ ሸክም ሰጣት። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶችን የማያውቅ የየካ ሰው የለም። ከአባሎቻችን መካከል በዚያ ሸክም ያደጉ አሉ። በ1980ዎቹ የዓለም ሥራ ድርጅት በእንጨት ተሸካሚ ሴቶች ላይ ጥናት ካስደረገ በኋላ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ሴቶቹ ሸክሙን ትተው የተቀመጡት በወንድ ብቻ ይታወቅ የነበረው የሽመና ዕቃ ላይ ነው፤ የአንገት ልብስ እየሸመኑም መሸጥ ጀመሩ። ለእኔ ይህ ትልቅ ታሪክ ነው። ለእንጨቱ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነበር፤ ለአንገት ልብሱ ግን ሴቶቹ ራሳቸው ዋጋ መጻፍ ቻሉ።

ኪሮሽ ከሽመና በተለየ መንገድ ነው የመጣው። ቃሎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። “ኪሮሽ” በፈረንሳይኛ ትንሽ ሜንጦ ማለት ነው፤ “ዳንቴል”ም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። “ሹራብ” በዐረብኛ የእግር ሹራብ፣ ማለትም ካልሲ ነው፤ “ካልሲ” ደግሞ ጣሊያንኛ ነው። መርፌና ክር ይዘው የተሰባሰቡ ሴቶችም በታሪካችን አሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር፣ ልዕልት ፀሐይም እየተሳተፉበት፣ ለዘማቹ ፋሻና ልብስ አዘጋጅቷል። ከዚያ በኋላ የእጅ ሥራ የጨዋ ልጅ ሙያ ሆኖ በየቤቱ ገባ። በልጅነታችን ዳንቴል ያልለበሰ ሶፋ፣ ዳንቴል ያልተደረበበት ቴሌቪዥን የት ነበር? እናቶቻችን ግን የሠሩት ለቤት ጌጥ፣ ለልጅ መዳሪያና ለስጦታ ነው። “ሙያ አላት” ተብለው ተመሰገኑ እንጂ ሰዓታቸው አልተቆጠረም።

በሌላ አገር ተቆጥሮ ያውቃል። አየርላንድ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840ዎቹ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ሕዝብ በረሃብ ባለቀ ጊዜ፣ መነኮሳይያት ለድሃ ሴቶች ኪሮሽ አስተማሩ። የሴቶቹ ዳንቴል በእንግሊዝ ባለጠጎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ከሞት ተርፏል። በኋላ ግን የማሽን ዳንቴል ሲረክስና ፋሽኑ ሲለወጥ ገበያው ወደቀ። ትምህርቱ ሁለት ነው፦ ኪሮሽ ቤት ማቆም ይችላል፤ በአንድ ዓይነት ገዢ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ግን ከገዢው ጋር ይወድቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ጸጉራም ክር ልመለስ። ይህ ክር የሚያሞቀው ጸጉሩ አየር ይዞ ስለሚያስቀር ነው፤ ስለዚህ በወፍራም ኪሮሽ ላላ ተደርጎ ይሠራል፤ ከጠበቀ ሙቀቱም ልስላሴውም ይቀንሳል። ችግሩ ጸጉሩ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል፤ ሠራተኛዋ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ እየዳበሰች ነው የምትቆጥረው። ከተሳሳተች መፍታትም ቀላል አይደለም፤ ጸጉሩ እርስ በርሱ ይተበተባል። ደንበኛዋ “ክር ብቻ” ያሉት ይህን ሁሉ ነው።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። የአንዱ ክር 400 ብር ወጣበት፣ ሥራው 10 ሰዓት ፈጀ፣ በ700 ብር ተሸጠ እንበል። ለሰዓት የተረፈው 30 ብር ነው። ዋጋው ወደ 600 ከወረደ በሰዓት 20 ብር ይሆናል። መቶ ብር የተቀነሰው ከክሩ አይደለም፤ የክር ነጋዴው ገንዘቡን አስቀድሞ ወስዷል። ሙሉ በሙሉ የተቀነሰው ከእኅታችን ጉልበት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ በእያንዳንዷ አባል ደብተር ላይ “ሰዓት” የሚል አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ። እባካችሁ ሥራ ስትጀምሩና ስታቆሙ ጻፉ፤ መጻፍ የሚቸግራት ካለች ጎረቤቷ ትጻፍላት። ለምትደግፉን ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ፦ የአንገት ልብሱን አዝናችሁልን አትግዙት፤ ስለሚያሞቃችሁ ግዙት፣ ዋጋውንም ከዓምዱ ጋር አስተያዩት። ያቺ እኅታችን በሚቀጥለው ጥቅምት “ምን አስወደደው?” ስትባል አንገቷን ሳትደፋ ደብተሯን እንድታሳይ እፈልጋለሁ።