የገበሬ እርጅና፤ ጧሪና ቀባሪ

ጡረታ የሚባለው ቃል ዛሬ በከተማ ሰው ዘንድ በየወሩ የሚቈረጥ ገንዘብ ስም ሆኗል። መነሻው ግን ጦረ የሚለው ግሥ ሲሆን፥ ደካማ ወላጅን አበላ፥ አለበሰ፥ ደገፈ ማለት ነው። ስለዚህ ጧሪ ማለት አስቀድሞ ልጅ እንጂ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሽማግሎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ማለታቸውም ሁለቱ ሥራ ከአንድ ሰው ስለሚጠበቅ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ኃይሌ ጋርመንት የተባለው ሰፈር ይህን ነገር ለመመርመር የተመቸ ስፍራ ነው። ጋርመንት የልብስ ስፌት ቃል ነው፤ ላፍቶ ግን በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ከተማው ሳይደርስበት በዚያ ጥቁር መሬት ጤፍ፥ ስንዴና ሽምብራ ይዘራ ነበረ።

በዚያ ዘመን ገበሬ ጉልበቱ ሲደክም ሞፈሩንና በሬዎቹን ለልጁ ያስረክባል። እርሱም አውድማ ይጠብቃል፥ ቀንበር ይጠርባል፥ ጎረቤት ሲጣላ ለሽምግልና ይቀመጣል። በሞተም ጊዜ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እስከ ሙት ዓመቱ ያለውን መታሰቢያ የሚያወጣው ያው ሞፈሩን የተረከበው ልጅ ነው። በአርባው ተዝካር የዓመት እህሉን የጨረሰ ቤት ጥቂት አይደለም፤ ይህስ ከልክ ያለፈ ነበረ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚቆመው በመሬት ላይ ነው፤ አራሹም ሁሉ ባለርስት አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ በዙሪያዋ ያለው መሬት ለመኳንንት፥ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ሲደለደል ብዙው ገበሬ ገባርና ጭሰኛ ሆነ። የጭሰኛ ልጅ በአባቱ እግር የሚተካው ባለመሬቱ ሲፈቅድ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በሸዋ ለለም ጋሻ 50፥ ለለም ጠፍ 40፥ ለጠፍ 15 ብር ወሰነ፤ ግብሩ ግን አራሹ ሲያረጅ አልተቀነሰለትም። በ1955 ዓ.ም. የጡረታ አዋጅ ቍጥር 209 ሲታወጅ ለመንግሥት ሠራተኛ ሆነ እንጂ ገበሬውን አልነካም።

የገበሬውን እርጅናና ሞት በግልጥ ያነሣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገ፥ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፥ መሸጥን፥ ማስያዝን፥ ማውረስን፥ በቅጥር ማሳረስንም ከለከለ። ሆኖም ባለይዞታው ቢያረጅ፥ ቢታመም ወይም ቢሞት ቤተሰቡ በቅጥር እንዲያሳርስ ፈቀደ። ሲሞትም ሚስቱ ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ፥ እነርሱ ባይኖሩ ደግሞ ያደገው ልጁ በመሬቱ እንዲጠቀም አዘዘ። አስተዋይ አንባቢ ቅደም ተከተሉን ይመልከት። በልማድ ፊተኛ የነበረው ጧሪው ልጅ በሕጉ ኋለኛ ሆነ። ያደገ ልጅ የራሱን ድርሻ ከገበሬ ማኅበር ያገኛል ተብሎ ስለ ታሰበ ሕጉ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መሬቱ ግን ከሰው ቍጥር ጋር አያድግም።

ከዚህ በኋላ ከተማው ራሱ መጣ። በጀሞና በአካባቢው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ማሳው ሰፈር ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 455 ከእርሻው ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1161 ይህን ሽሮ፥ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተመርጦ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ጭማሪው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የ60 ዓመት ገበሬ የ10 ዓመት ፍሬ ተቀብሎ 80 ዓመት ቢኖር፥ በኋለኛው 10 ዓመት ማን ይጡረው? ማሳው እንደ ሆነ በየዓመቱ ያፈራ ነበረ፤ ገንዘብ ግን የተቀበለው ሰው ንግድ ካላወቀ ያልቃል። በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ለግል ድርጅት ሠራተኞች በተፈቀደ ጊዜም በገዛ ማሳው ያረሰ ሰው ተቀጣሪ አይደለምና አልተቈጠረም።

ቀባሪነቱን በከተማ እድር ተረክቦታል፤ ድንኳን ይተክላል፥ ለኀዘንተኛው ቤትም ገንዘብ ያቀርባል። ጧሪነቱ ግን በልጁ ላይ እንዳለ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረና ሠርቶ ለማደር ላልቻለ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ልኩንም ዳኛው የሚወስነው የአባትን ችግርና የልጅን አቅም መዝኖ ነው። ልጁም ከዚያው ማሳ ተነሥቶ የቀን ሥራ የሚሠራ ቢሆን፥ በዳኛው ፊት የሚቆሙት ሁለቱም ያለ መሬት ናቸው።