ከደናኔ የተረፈው ልጅ

ጥቅምት 5 ቀን 1936 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ የጀርመን ወታደሮች የሮማን አይሁዶች ከየቤታቸው አፈሱ። ከሁለት ቀን በኋላ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች በባቡር ተጭነው ወደ ኦሽዊትዝ የናዚ የሞት ካምፕ ተላኩ። ከ200 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። በሕይወት የተመለሱት 16 ሰዎች ናቸው፤ ከልጆቹ ግን አንድም አልተመለሰም።

የአምደወርቅና የሰቆጣ አንባቢ ይህን የሩቅ አገር መከራ ነው ብሎ እንዳያልፈው እለምናለሁ። የጣሊያን ፋሺስቶች አይሁዶችን ከትምህርት ቤትና ከሥራ ያባረሩበት ሕግ የወጣው በ1931 ዓ.ም. ነው። በዘር መለየትን በሕግ የጀመሩት ግን በእኛ ላይ ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. አንድ ጣሊያናዊ ከቅኝ ግዛቱ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ድንጋጌ ሮማ ላይ ወጣ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አዲስ አበባ በደም ታጥባ ነበር።

የካቲት 12 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። በተከታዮቹ ሦስት ቀናት የተጨፈጨፈውን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ መዝግቦታል። ከዚያ እልቂት የተረፉ መኳንንትና የተማሩ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወዳለው የደናኔ እስር ቤት ተጋዙ። ከታሰሩት ልጆች አንዱ የበጅሮንድ ዘለቀ ልጅ እምሩ ነበር። ዕድሜው 13 ዓመት ገደማ ነበር፤ የታሰረውም ከእናቱ ጋር ነው። የዚህ ልጅ ጥፋቱ ምን ነበር? ደጋ ያደገ ሰው በዚያ የባሕር ዳር ሙቀት፣ ጨው በተቀላቀለበት ውሃ፣ በነቀዘ ደረቅ ብስኩት፣ በወባና በተቅማጥ መካከል ተጣለ። እዚያው ታስረው የነበሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት የምስክርነት ቃል ደናኔ ከገቡት 6,500 እስረኞች 3,175ቱ አልቀዋል። ግማሹ ማለት ነው!

ልጁ ተረፈ። አድገው አምባሳደር እምሩ ዘለቀ ተባሉ፤ በስተርጅናም ያዩትን መሰከሩ።

የእናንተው ዋግም ያየችውን አይታለች። የዋግና የላስታን አርበኞች የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ራሳቸው ተቆርጦ በኮረምና በሰቆጣ ገበያ ለሕዝብ ታየ። እናቱን ተከትሎ ገበያ የወጣ ልጅ ያንን አየ። የዚያ ልጅ ቃል የት ተጻፈ?

ግራዚያኒ በኋላ የሂትለር አጋር በነበረው የሳሎ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ፤ ያ መንግሥት በኅዳር 1936 ዓ.ም. አይሁዶች ሁሉ እንዲታሰሩ አዘዘ። ግራዚያኒ ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት ተፈረደበት፤ በወራት ውስጥ ተፈታ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሠራው ግፍ ግን አንድም ፍርድ ቤት አልጠየቀውም።

ናዚዎች ከፈጸሙት እልቂት፣ ከሆሎኮስት፣ የተረፉ አይሁዶች ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የሾዋ ፋውንዴሽን ብቻውን ከ50,000 በላይ ምስክርነቶችን በምስል አስቀርቷል። እኛስ? የዚያን ዘመን ልጆች ዛሬ ካሉ 90 ዓመት አልፏቸዋል። የአምደወርቅና የሰቆጣ መምህራን፣ ካህናት፣ ተማሪዎች ሆይ፦ አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ የሰሙትን የሚያስታውሱ ልጆቻቸውንም ጠይቁ። ስማቸውንና አጥቢያቸውን ጽፋችሁ፣ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቀድታችሁ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ለወመዘክር) ስጡ። ዘንድሮውኑ ጀምሩ።