ሁለት ቃል፣ አንድ በር

ውድ የካምፓችን ነዋሪዎች፤

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላሉ አባቶቻችን። ሰሞኑን የምናዘጋጀውን ማመልከቻ ሳነበው ይኸው ተረት ትዝ አለኝ። ውሃ፣ ራሽን፣ መድኃኒት፣ ትምህርት፣ የመንቀሳቀሻ ወረቀት እያለ አሥራ ሰባት ጥያቄ ተደርድሯል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ተቀባዩ ሹም የትኛውን ይያዝ? ለዚህ ከራሳችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ላቅርብ።

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ቁጥራቸው ከአገሩ ሕዝብ አንጻር ኢምንት ነበር፤ መሣሪያም ገንዘብም አልነበራቸውም። የሚያንገበግባቸው ግን ብዙ ነበር፤ ረሀቡ፣ ድንቁርናው፣ ጉቦው፣ የመናገር ነጻነት ማጣቱ። ከሁሉ አንዱን አነሡ፤ «መሬት ለአራሹ» አሉ።

ምርጫው በዘፈቀደ አልነበረም። በተለይ በደቡብ ብዙ ጭሰኛ የምርቱን እኩሌታ ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ይፈቅድ ነበር። ረሀቡም ድንቁርናውም የባላባቱ ጉልበትም ከዚህ ቋጠሮ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ያመሩትም ወደ አንድ በር፣ ወደ ፓርላማው ነው፤ ያውም ምክር ቤቱ የጭሰኞችን ጉዳይ የሚመለከት ረቂቅ ሕግ በያዘበት ወቅት።

ሕጉ ያን ጊዜ አልወጣም። መፈክሩ ግን ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ በቃሉ የሚይዘው ነበርና አልሞተም። ዓመት ዓመት ተደገመ፤ በ1966ቱ አብዮትም አደባባዩን ሞላው። ከሰልፉ ዐሥር ዓመት ከሰባት ቀን በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነት ቀረ።

ጉድለቱን ልንሸሽገው አይገባም። አዋጁን ያወጣው ደርግ ነው፤ አራሹ መሬቱን እንዲያርስ እንጂ እንዲሸጥና እንዲለውጥ አልፈቀደለትም። ሁለት ቃል በር ያስከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ጠያቂው ራሱ ካልተከታተለ፣ መልሱን ሌላው እንደሚመቸው አድርጎ ይጽፈዋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አንዱን እንምረጥና እስከ መጨረሻው እንከተለው። አስተማሪ ነኝና ትምህርት የምል ይመስላችሁ ይሆናል። የለም፤ የእኔ ድምፅ ለውሃ ነው። ውሃ ከቀረበ ልጆቹ ጀሪካኑን አስቀምጠው ወደ ክፍል ይመጣሉ። የቀሩት አሥራ ስድስቱ በደብተራችን ይቆዩ፤ ተራቸው ይደርሳል።

ከአስተማሪው፣ ሞያሌ